ከማጥፋትሽ በፊት፦ የፍቅር መተዋወቂያ አፕ ላይ ትንኮሳ ሲደርስብሽ ምን ታደርጊያለሽ

በቲንደር ወይም በባዱ የተዋወቅሽው ሰው ሳትጠይቂው የብልቱን ፎቶ ላከልሽ። ወይም ሳምንቱን ሙሉ «የኔ ማር» ሲልሽ ሰንብቶ፣ ማታ ፔንሲዮን እንገናኝ ሲል እምቢ ስላልሽው ብቻ አፉን ከፈተብሽ። እጅሽ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ማጥፊያው ነው። ግድ የለሽም፣ አንዴ ታገሺ።

አራት ኪሎ ሞባይል እጠግናለሁ። ስክሪንና ባትሪ እቀይራለሁ፣ የተዘጋ አካውንት አስከፍታለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በአካባቢው ቢሮዎች የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው፣ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እትዬ፣ የጠፋ ቴሌግራም ይመለሳል?» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ሰውየው አሁን እያስፈራራቸው ነው፤ ያስፈራራበትን ጽሑፍ ግን በመጀመሪያው ቀን በንዴትና በሀፍረት ደምስሰውታል። ሁሉም ሰው «ብሎክ አድርጊው በቃ» ብሎ መክሯቸዋል። ብሎክ ማድረጉ ትክክል ነው፣ ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። መጀመሪያ ያዢ፣ ቀጥሎ ሪፖርት አድርጊ፣ ከዚያ ዝጊው።

«ይሄ እንኳን ትንኮሳ አይባልም፣ አጋነንኩት ይሆን?» ብለሽ ከራስሽ ጋር አትሟገቺ። ያልጠየቅሽው የወሲብ ፎቶ፣ አልፈልግም ካልሽ በኋላ የሚቀጥል ጽሑፍ፣ ስለ ገላሽ የሚሰነዘር ቃል፣ «የት እንደምትሠሪ አውቃለሁ» የሚል ዛቻ ሁሉ ትንኮሳ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2019 እ.ኤ.አ. ባካሄደው ጥናት፣ እነዚህን አፖች ከተጠቀሙ ከ18 እስከ 34 ዓመት የሆኑ ሴቶች መካከል 57 በመቶዎቹ ያልጠየቁት ወሲባዊ መልእክት ወይም ምስል እንደደረሳቸው ተናግረዋል። 60 በመቶዎቹ አልፈልግም ካሉም በኋላ ሰውየው መጻፉን ቀጥሏል፤ 19 በመቶዎቹ ደግሞ አካላዊ ጉዳት ይደርስብሻል ተብለዋል። ቁጥሩ የአሜሪካ ነው፤ እኔ ባንኮኒዬ ላይ የምሰማው ግን ከዚህ አይለይም። አፑን በመክፈትሽ የመጣብሽ ቅጣት አይደለም። ሰው ለመተዋወቅ ነው የገባሽው።

ማስረጃ አያያዝ

ከመልእክቱ በፊት ፕሮፋይሉን ያዢ። ስሙ፣ እድሜው፣ ፎቶዎቹ፣ ስለ ራሱ የጻፈው፣ የሚታየው ርቀት ሁሉ ስክሪንሾት ይነሣ። ቲንደር ላይ እሱ ቀድሞ ማቹን ካፈረሰው ውይይቱ ካንቺም ስልክ ይሰወራል። ስለዚህ «ማታ ቤት ገብቼ አደርገዋለሁ» አይባልም፤ ታክሲ ውስጥም ሆነሽ አድርጊው።

ቀጥለሽ ውይይቱን ከመጀመሪያው «ሰላም ነው?» ጀምረሽ እስከ መጨረሻው አንሺ። ስድቡን ብቻ ነጥለሽ አታስቀምጪ። ከስድቡ በፊት ያለው ወሬ ያሳፍርሽ ይሆናል፤ ስቀሽ የመለስሽለት፣ ልብ የላክሽለት ይኖራል። ይቀመጥ። ከመሃል የተቆረጠ ውይይት ይዛ የምትሄድ ሴት «የቀረውስ የት አለ?» መባሏ አይቀርም፤ ሙሉውን ይዛ የሄደችው ግን የምትደብቀው እንደሌላት ገና ሳትናገር ታሳያለች። ተግባብታችሁ ማውራታችሁ ለሱ ብልቱን የመላክ ፈቃድ አልሰጠውም።

ስልክሽ ስክሪን ሪከርደር ካለው፣ ከፕሮፋይሉ ተነሥተሽ ወደ ውይይቱ ገብተሽ በቀስታ እየሳብሽ ቅጂው። ፕሮፋይሉና ጽሑፉ የአንድ ሰው መሆናቸው ሳይቋረጥ ይታያል። ስክሪንሾት ብቻውን «አቀናብራው ነው» ሊባል ይችላል፤ ቪዲዮውን እንዲህ ለማለት ይከብዳል።

ቴሌግራም ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ወንድ ሁለት ቀን እንኳን ሳይሞላው «እዚህ ብዙ አልገባም፣ ቴሌግራም ላይ እናውራ» ብሎ የሚወስድሽ እዚያ ነው። ቴሌግራም የግል ውይይት ላይ እሱ የጻፈውንም አንቺ የጻፍሽውንም ከሁለታችሁም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ምንም ማሳወቂያ አይመጣልሽም፤ ጠዋት ስትነሺ ባዶ ነው። ስለዚህ ስሙን ነክተሽ ፕሮፋይሉን ክፈቺና ዩዘርኔሙንና ቁጥሩን፣ ቁጥሩ ከታየ፣ ያዢ። ስምና ፎቶ በሰከንድ ይቀየራል። ከዚያ ዋና ዋናዎቹን መልእክቶች ወደ ራስሽ ሴቭድ ሜሴጅስ ፎርዋርድ አድርጊ፤ እሱ ዋናውን ቢያጠፋውም ያንቺ ቅጂ ይቀራል። ላፕቶፕ የምታገኚ ከሆነ ቴሌግራም ዴስክቶፕን ጫኚና ውይይቱን ከፍተሽ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኪ። ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ የሚለው ሙሉ ውይይቱን ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነፎቶውና ከነድምፁ ያወርድልሻል። ከዚህ የተሻለ ንጹሕ ማስረጃ አላየሁም። ሲክሬት ቻት ውስጥ ከሆናችሁ ግን ስክሪንሾት ወይ አይነሣም ወይ ለሱ ያሳብቃል፤ አንዴ ታይቶ የሚጠፋ ፎቶም አስቸጋሪ ነው። የጓደኛሽን ስልክ ተውሰሽ በካሜራ አንሺው።

ያነሣሽውን አትንኪው። ቀይ ክብ አትሥሪበት፣ ጫፉን አትቁረጪ። እንደተነሣ አንድ ቅጂ ወደ ኢሜልሽ፣ አንድ ቅጂ ለምታምኛት ሰው ይሂድ። ስታዲየምና ሜክሲኮ ታክሲ ስትጠብቂ ስልክ እንዴት እንደሚመነተፍ ታውቂያለሽ፤ ያለሽ ማስረጃ ሁሉ አንድ ስልክ ውስጥ አይሁን።

አሁን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። ስልክሽ 9፡40 ፒኤም ይላል፤ አንቺ ቃልሽን ስትሰጪ «ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40» ትያለሽ። ስልኩ ሜይ 12 ይላል፤ አንቺ ግንቦት 4 ትያለሽ። ከወራት በኋላ ሌላ ሰው ቃልሽንና ስክሪንሾቱን ጎን ለጎን ሲያነብ ሁለቱ የተጋጩ ይመስለዋል። ስለዚህ ደብተር ላይ እያንዳንዱን ነገር በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በየትኛው አፕ እንደሆነ፣ ምን እንዳለ፣ አንቺ ምን እንዳልሽ። ስልክ ከደወለም የደወለበትን ቁጥርና ሰዓት ጨምሪ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ግን በዚያው ቀን ይጻፍ።

አንድ መልስ ብቻ

ካስፈራሽና ልትመልሺለት ካልፈለግሽ አትመልሺ፣ ግዴታ የለብሽም። መመለስ ከቻልሽ ግን አንዴ ብቻ፣ አጭርና ጨዋ ይሁን፦ «ይህን እንድትልክልኝ አልፈልግም። ከእንግዲህ እንዳትጽፍልኝ።» ከዚህ በኋላ የሚልከው ሁሉ አለመፈለግሽን እያወቀ የላከው ይሆናል፤ ያ ደግሞ ለአቤቱታሽ ትልቅ ነገር ነው። ስድብ አትመልሺ። እንዳናደደሽ አውቃለሁ፣ ይገባሻልም፤ ነገር ግን አንድ የስድብ ቃል ከጻፍሽ «ተሰዳደብን» ብሎ የሚከራከርበት በር ትከፍችለታለሽ።

ሪፖርት፣ ከዚያ ብሎክ

ቲንደር ላይ ውይይቱ ውስጥ ከላይ ያለውን የጋሻ ምልክት ንኪ። ምክንያት ሲጠይቅሽ «ሌላ» ብለሽ አትለፊው፤ ወሲባዊ መልእክት ከሆነ እሱን፣ ዛቻ ከሆነ እሱን ምረጪ። ባምብል የእርቃን ፎቶ ሲላክ ቀድሞ የሚያደበዝዝ ዘዴ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለው፤ ምስሉን ሳትከፍቺ ሪፖርት ማድረግ ትችያለሽ። ቴሌግራም ላይም ሪፖርት የሚለውን ምረጪ። አብሮት የሚሠራ ሁለተኛ አካውንት ካለውም ለየብቻ ነው የሚደረገው። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ዝጊው። ቴሌግራም፣ ኢንስታግራም፣ ፌስቡክ፣ ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም ቦታ።

«ፎቶሽ እጄ ላይ ነው» ካለሽ

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ልጆቹ ባንኮኒዬ ጋ ሲደርሱ ያልተኙ፣ ያልበሉ ናቸው። ፎቶው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ከኢንስታግራም ፊትሽን ወስዶ በሌላ ገላ ላይ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የቀጠለው ሊሆንም ይችላል። አያያዙ አንድ ነው።

አትክፈዪ። ብር የሚጠይቅ ሰው ሲቀበል የሚማረው አንቺ እንደምትከፍዪ ነው፣ ነገም ይመለሳል። ሌላ ፎቶ ቢጠይቅሽም እንደዚሁ። በፊት በቴሌብር የላክሽለት ብር ካለ ደረሰኙን ጠብቂው፤ ቴሌብር ሲላክ የተቀባዩ ስም ስለሚወጣ «ሄኖክ ነኝ» ያለሽ ሰው ሲሙ በማን ስም እንደወጣ ያሳያል። ይህን ያህል የሚጠቅም ወረቀት ብዙ ጊዜ አይገኝም።

አካውንትሽን አታጥፊ፤ ዝም ብለሽ ቆልፊው። ፌስቡክ ላይ የጓደኞችሽ ዝርዝር ለማንም እንዳይታይ አድርጊ፣ ኢንስታግራምሽን ፕራይቬት አድርጊ። «ለአጎትሽ እልካለሁ» ሲል የአጎትሽን ስም ያገኘው ከዚያ ዝርዝር ላይ ነው።

ከዚያ ከእሱ በፊት አንቺ ተናገሪ። ለሁሉም ማለቴ አይደለም። በቤተሰብሽ ውስጥ ጸጥ ብላ የምትሰማ አንዲት ሰው ምረጪ፤ ታላቅ እህት፣ አክስት፣ የአጎት ልጅ። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። «አንድ ሰው ፎቶ እበትናለሁ እያለ እያስፈራራኝ ነው። ከደረሰሽ አትክፈቺው፣ ለማንም አታሳዪ፣ ግን አታጥፊው፤ ለኔ ደውዪልኝ» በያት። የሱ ጉልበት ያለው አንቺ ብቻሽን ሚስጥሩን እንደተሸከምሽ በማመኑ ላይ ነው። አንድ ሰው ካወቀልሽ ሌሊቱ ይቀልልሻል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ስቶፕ ኤንሲአይአይ (StopNCII.org) የሚባል፣ የእርቃን ፎቶ እንዳይሠራጭ የሚያግዝ ነፃ ድረ ገጽ አለ፤ በዲሴምበር 2021 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ 18 ዓመት ለሞላቸው። ፎቶሽን አትልኪላቸውም። ፎቶው እዚያው ስልክሽ ላይ ወደ ቁጥርና ፊደል መለያ ይቀየራል፣ ወደነሱ የሚሄደው መለያው ብቻ ነው። ከነሱ ጋር የሚሠሩት ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ባምብል ያን መለያ ይዘው ፎቶው ሊለጠፍ ሲል ያግዱታል። እድሜዋ ከ18 በታች ለሆነች ልጅ ቴክ ኢት ዳውን (Take It Down) የተባለ ተመሳሳይ አገልግሎት አለ። ሰውየው ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ የሚያስፈራራሽ ከሆነ እነዚህ ሁለቱ በተለይ ይጠቅሙሻል።

ወንዶችም ይህ ይደርስባቸዋል። ቆንጆ ሴት መስሎ በቪዲዮ አስወልቆ ከቀዳ በኋላ ብር የሚጠይቅ አለ። ወንድሜ፣ ላንተም መንገዱ ይኸው ነው፤ አትክፈል፣ ያዝ፣ ለአንድ ሰው ተናገር።

ሕጉና ጣቢያው

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13ን አስታውሺ። ጽሑፍ፣ ምስል፣ ድምፅ ወይም ቪዲዮ በኮምፒዩተር ሥርዓት እያሠራጨ በአንቺ ወይም በቤተሰብሽ ላይ ከባድ ጉዳት አደርሳለሁ ብሎ የሚዝት ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ስለ አንቺ መረጃ እየላከ ወይም ግንኙነትሽን እየተከታተለ ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና የሚፈጥርብሽ እስከ 5 ዓመት ቀላል፣ በከባድ ሁኔታ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ስልክም በአዋጁ ውስጥ ኮምፒዩተር ነው። ስም ማጥፋት ግን በአቤቱታ ነው የሚከሰሰው፤ አቤቱታው ደግሞ ድርጊቱንና ሰውየውን ካወቅሽ ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «እስቲ ይተወኝ እንደሆነ ልየው» ስትይ ጊዜው እንዳያልፍብሽ።

ጣቢያ ብቻሽን አትሂጂ። ስክሪንሾቶቹ በቅደም ተከተል ፕሪንት ተደርገው፣ ቪዲዮው በፍላሽ፣ ያቺ አንድ ገጽ ማስታወሻ ከላይ ተደርጋ ይዘሽ ሂጂ። አራት ኪሎ፣ ፒያሳና ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ሞልቷል፤ ነገር ግን ፎቶው ገላሽን የሚያሳይ ከሆነ የማታውቂው ሰው ኮምፒዩተር ላይ ፋይሉን ከፍተሽ አታሳትሚ። ያንን በፍላሽ ብቻ ለመርማሪው ስጪ። ሴቶችና ሕጻናትን የሚመለከተው ክፍል የት እንደሆነ ጠይቂ፣ ሴት መርማሪ እንድታናግርሽም መጠየቅ ትችያለሽ። ከመውጣትሽ በፊት የመርማሪውን ስምና የመዝገቡን ቁጥር ያዢ።

አንዲት ደንበኛዬ ጣቢያ ስትደርስ መጀመሪያ የተጠየቀችው «ፎቶሽን ራስሽ ለምን አወጣሽ?» የሚል ነው። እንዲህ ካጋጠመሽ አትጨቃጨቂ፣ አትውጪም። «የመጣሁት በአዋጅ 958 አንቀጽ 13 አቤቱታ ለማቅረብ ነው፤ ቃሌን ይቀበሉኝ» በይ። ያቺ ልጅ እንዲህ ብላ ቃሏን ሰጥታ ወጥታለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ ክስ ባትፈልጊ እንኳ ምክሩን ውሰጂ። ሰውየው ቤትሽ ወይም ቢሮሽ በር ላይ ከቆመ ግን ወረቀት መሰብሰብ ይቅርና 991 ደውዪ።

ቀድሞ መጠንቀቅ

ስልክ ቁጥርሽን ቶሎ አትስጪ። ቁጥር የሰጠሽው ሰው ቴሌብር ላይ ብር የሚልክ መስሎ ሙሉ ስምሽን ያያል፤ ሙሉ ስምሽን ይዞ ፌስቡክሽን፣ ፌስቡክሽን ይዞ መሥሪያ ቤትሽን ያገኛል። ከአፑ ወደ ቴሌግራም ከተሻገርሽ በዩዘርኔም ብቻ ይሁን። ፕራይቬሲ ውስጥ ገብተሽ ስልክ ቁጥርሽን ማን ያያል ለሚለው ማንም፣ በቁጥርሽ ማን ያገኝሻል ለሚለው በስልክሽ የመዘገብሻቸው ብቻ በይ። ፎቶሽ ጀርባ ላይ የሠፈርሽ ኮንዶሚኒየም ቁጥር፣ አንገትሽ ላይ የመሥሪያ ቤት ባጅ እንዳይታይ እይ። አስተዳዳሪው ማን እንደሆነ ለማይታወቅ የቴሌግራም መተዋወቂያ ቻናል ፎቶና ቁጥር መላክን እኔ አልመክርም።

ሳትጠይቂ ካርድ ከሞላልሽ «አልጠየቅሁም፣ አትላክልኝ» ብለሽ በጽሑፍ መልሺለት። ኋላ «ስንት አውጥቼብሽ» ሲል ጽሑፉ ይኖርሻል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገናኙ ቀን ይሁን፣ ሰው የሚበዛበት ካፌ ይሁን፣ ቦታውንም አንቺ ምረጪ። ፒያሳም ሆነ ስታዲየም ዙሪያ አስተናጋጆቹ የሚያውቁሽ ቤት ካለ ከሁሉ ይሻላል። ፈርሶ በቆርቆሮ የታጠረ ቦታ አጠገብ አይሁን። ራስሽ ሄደሽ ራስሽ ተመለሺ፤ ራይድ ወይም ፈረስ ስትጠሪ ታርጋውን ለጓደኛሽ ላኪ፣ መውረጃሽም የቤትሽ በር ሳይሆን ዋናው መንገድ ላይ ይሁን። ቴሌግራም ላይቭ ሎኬሽን ለሰዓታት ያለሽበትን ለጓደኛሽ ያሳያል። የጠጣሽውን ራስሽ ክፈዪ። መሄድ ስትፈልጊ «ቤት ይጠብቁኛል» ብሎ መነሣት ይበቃል፣ ማስረዳት የለብሽም።

ተገናኝታችሁ ጥቃት ካደረሰብሽ ሰዓት ወሳኝ ነው። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ እሱም በቶሎ። መሃል ከተማ ያለው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሕክምናውንም የሕግ ክትትሉንም በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው። ሳትታጠቢ፣ የለበስሽውን ልብስ ሳታጥቢ በወረቀት ከረጢት ይዘሽ ሂጂ። ታጥበሽ ከሆነም ሂጂ።

የሌላ ሰው ፎቶ ከደረሰሽ

ማታ ላይ የማታውቂው አካውንት የጓደኛሽን እርቃን ፎቶ ላከልሽ እንበል። «አያችሁ?» ብለሽ ወደ ግሩፕ አትላኪው፣ ለማጣራትም ቢሆን። ፎቶውን ሳይሆን የላከውን አካውንት ዩዘርኔምና የላከበትን ሰዓት ስክሪንሾት አንሺ፣ አካውንቱን ሪፖርት አድርጊ። በፎቶው ላይ ያለችው ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ምስሉን ስልክሽ ላይ ማስቀመጥ ራሱ በዚያው አዋጅ አንቀጽ 12 ያስጠይቃል፤ ለፖሊስ አመልክቺ እንጂ ቅጂ አትያዢ። ከዚያ ለጓደኛሽ ደውዪላት፣ አትጻፊላት። «እንዲህ ያለ ነገር ደርሶኛል፣ ለማንም አላሳየሁም፣ አካውንቱን ይዤልሻለሁ፣ ጣቢያ አብሬሽ እሄዳለሁ» በያት።